መልሴን በማስቲካ አትስጡኝ

«ሳንቲም ይብቃ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ሰው ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው ማን እንደሆኑ አላውቅም። አጻጻፋቸው ግን ደስ ይላል፤ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ብቻዬን ስቄአለሁ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሳንቲም ዛሬ ምንም አይገዛም። ይከብዳል፣ ኪስ ይቀዳል። መንግሥት ለማሠራት የሚያወጣው ከዋጋው ይበልጣል። ሰው ቤቱ ወስዶ ይጥለዋል እንጂ አያዘዋውረውም። ያረጀ ያፈጀ ነገር ነው፤ የሠለጠነ ገንዘብ ወረቀት ነው። ለቀረው ደግሞ ስልክ አለ። ስለዚህ የ1 ብሩም ሳይቀር ይሰብሰብና ይቅለጥ፣ እኛም በወረቀትና በስልክ እንገላገል ይላሉ።

እኔ ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ክብሪት፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ዳቦ፣ የልጆች ብስኩት የሚሸጥባት ዓይነት። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ከምሸጥበት ሰዓት ዝርዝር የምፈልግበት ይበልጣል። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከእሱ ጋር እኔ ወደ እሱ እሱ ወደ እኔ ባለ መቶ ይዘን ስንመላለስ ነው የምንውለው። እና ነገሩ የማያገባኝ አይደለም። በየነጥቡ ልመልስ። ቅደም ተከተላቸውን ግን አልጠብቅም፤ አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል፣ አንዳንዱ ብዙ ያናግራል።

«ሳንቲም ምንም አይገዛም»

ግማሹ እውነት ነው። 1፣ 5 እና 10 ሳንቲም ሞተዋል፤ ነፍስ ይማር። ኒያላ ያለበትን 10 ሳንቲም የዛሬ ልጅ ብታሳየው የሜዳሊያ ቁራጭ ይመስለዋል። ስሙኒም አልጋ ላይ ናት። ሽልንግ ገና ትተነፍሳለች፣ ያውም ለምጽዋት። እዚህ ድረስ እኔና ጸሐፊው ተስማምተናል።

ከዚህ በኋላ ግን እመር ብለው «እንግዲያውስ የ1 ብሩም ይቅር» ይላሉ። ለምን? ሳንቲሞቹን የገደላቸው ኑሮ ውድነት ነው። ብረት ስለሆኑ አይደለም የሞቱት። እስቲ 10 ሳንቲም በወረቀት ቢታተም ዛሬ ምን ይገዛ ነበር? የ1 ብር ወረቀት እኮ ነበረን፤ በፊቱ ልጅ፣ በጀርባው ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያለበት። አሁን ድረስ ወረቀት ሆኖ ቢቆይ ኖሮ አንድ ብር ዳቦ ይገዛልን ነበር? ወይ ጉድ!

ደግሞም የሳንቲም ሥራው መግዛት ብቻ አይደለም። ዋናው ሥራው መልስ መሆን ነው። ዳቦው 8 ብር ነው እንበል። ባለ 10 ይሰጡኛል። ሁለት ብር መመለስ አለብኝ። ካለኝ እመልሳለሁ። ከሌለኝ ምርጫዬ ሦስት ነው። አንደኛው፣ «ማስቲካ ልስጥህ?» ማለት። ሁለተኛው፣ «ነገ ትወስዳለህ» ማለት፤ ነገ ደግሞ እኔም እረሳለሁ፣ እሱም ያፍራል። ለሁለት ብር ሱቅ በር ላይ ቆሞ «ትናንት ያስቀረኸው» የሚል ጎንደሬ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ኩራታችን አይፈቅድም። ሦስተኛው ነው ነጋዴ የሚወደው፦ ዳቦውን 10 ብር ማድረግ። ሲብስ ደግሞ ዳቦውን ትንሽ አሳንሶ 10 ብር ማድረግ።

እንዲህ ነው ሳንቲም የጠፋበት ገበያ የሚሄደው። ዋጋ በአንድ ብርና በሁለት ብር መጨመሩን ይተውና በአምስት፣ በአሥር ይዘላል። ሰባት የነበረው አሥር ይሆናል፣ አሥራ ሁለት የነበረው አሥራ አምስት። ወደ ታች የሚጠጋጋ ዋጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሻጭ ሆኜ አላየሁም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2013 የ1 ሴንት ሳንቲሟን ከገበያ ስታወጣ ስለዚሁ መመሪያ አወጣች፤ በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል ጠቅላላ ሒሳቡ ወደሚቀርበው 5 ሴንት ይጠጋጋል፣ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። አንዴ ገዢ ይጎዳል፣ አንዴ ሻጭ ይጎዳል፣ ዞሮ ዞሮ ይቻቻላል። እኛ ጋ ሳንቲም ሲጠፋ ግን መመሪያው አንድ ነው፦ ወደ ላይ። እና ሁልጊዜ የሚከፍለው በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚገዛው ሰው ነው። ዘይት በሃያ ሊትር ጀሪካን የሚገዛ ሰው ሁለት ብር ቀረ አልቀረ አይነካውም። በቡና ስኒ የሚገዛውን ነው የሚነካው።

ባጃጅ ላይ ደግሞ ይታይ። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሦስት ሰው ተጭኖ መጥቶ ሦስቱም ባለ መቶ ይዘዋል። ሹፌሩ «ዝርዝር ሳትይዙ ለምን ትገባላችሁ?» ይላል። ተሳፋሪው «አንተ ሥራህ ነው፣ መያዝ ያለብህ አንተ ነህ» ይላል። ከዚያ ሁሉም ወርደው ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ፤ እኔ ጋ ይመጣሉ። «ጋሼ፣ መቶ ዘርዝርልን።» የለኝም ስላቸው እንደ ጠላት ያዩኛል። መጨረሻ ላይ አንዱ የሦስቱንም ይከፍልና «በኋላ ትሰጡኛላችሁ» ተባብለው ይለያያሉ፤ ሁለቱ ከእሱ ጋር ትውውቅ እንኳ የላቸውም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው የሳንቲም መብዛት ነው ወይስ ማነስ?

«ይከብዳል፣ ኪስ ይቀዳል»

አዎ፣ ይከብዳል። ሃምሳ ብር በ1 ብር ሳንቲም ኪሱ የከተተ ሰው ሱሪው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። መድኃኒቱ ግን ሳንቲም ማጥፋት አይደለም፤ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ሳንቲም ማውጣት ነው። ባለ 5 እና ባለ 10 ብር ሳንቲም ቢኖር ሃምሳ ብር አምስት ፍሬ ይሆን ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ 1፣ 5፣ 10 እና 20 ሽልንግ በሳንቲም ነው የምትጠቀመው፤ የኬንያ ሱሪ ተቀደደ ሲባል አልሰማሁም።

«ለማሠራት ከዋጋው በላይ ያስወጣል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ስሌቱን በአንድ ወገን ብቻ ሠርተውታል። የሳንቲሙን ወጪ ቆጠሩ፣ የወረቀቱን ተዉት። እኔ ልቁጠርላቸው።

በመስከረም 2013 መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ቀይሮ አዲስ ባለ 200 ሲያወጣ፣ 2.9 ቢሊዮን ኖት ለማሳተም 3.7 ቢሊዮን ብር እንደወጣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ተናግረዋል። ማካፈል ነው እንግዲህ። አንዱ ኖት በአማካይ 1 ብር ከ28 ሳንቲም ገደማ ወጣበት ማለት ነው። ለባለ 200 ይሄ ምንም አይደለም። ለትንሽ ኖት ግን ብዙ ነው። በዚያ ዋጋ የ1 ብር ወረቀት ቢታተም ኖሮ ከራሱ በላይ ይፈጅ ነበር።

ይሄ ደግሞ በዚያን ጊዜ ሒሳብ ነው። ያኔ ዶላር በባንክ 36 ብር አካባቢ ነበር፣ የብር ኖት ደግሞ የሚታተመው ውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። 100 ብር ብቻ ነው ብለን ለጸሐፊው አድልተን እንኳ ብናሰላ፣ ያው ኖት ዛሬ ሦስት ብር ተኩል ገደማ ይመጣል። ባለ 5 ብር ለማሳተም ሦስት ብር ተኩል! ብረቱም እኮ በዶላር ነው የሚመጣው የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ልዩነቱ ዕድሜ ላይ ነው።

እስቲ ያቺን ባለ 5 ብር ኖት አውጥታችሁ እዩአት። በ2013 ሌሎቹ ሲቀየሩ እሷ አልተቀየረችም፤ ወደፊት በሳንቲም ትተካለች ተብሎ ነበር። እኔ መሳቢያ ውስጥ ያለችው ግን ያቺው ናት። አሁን ከፊቴ አንዷ አለች። መሃሏ ላይ በቁመት ተቀዳ በፕላስተር ተለጥፋለች፤ ቡና ለቃሚው ሰውዬ ፊቱ ከፕላስተሩ ሥር ገብቶ ቢጫ ሆኗል። ጠርዟ ለስልሶ ወረቀትነቱ ጠፍቷል፣ ጨርቅ ሆናለች። ስታሸቷት ቅቤ፣ በርበሬና ላብ። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ስትፈታትና ስትቋጥራት ነው የኖረችው፣ ዝናብም መቷታል። ለደንበኛ ስመልሳት «ይሄን አልወስድም፣ ሌላ ስጠኝ» ይለኛል። ሌላ የለኝም። እሱም ጥሎልኝ ይሄዳል፣ እኔም ማንም አይቀበለኝም። አምስት ብር ከሰርኩ።

እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ከእሷ ጎን የ1 ብር ሳንቲም አለ። በአንድ ፊቱ አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን፣ 2002 ዓ.ም. ይላል። ያ ሁሉ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ የደረሰበት ጉዳት ትንሽ መፋዘዝ ነው። በጨርቅ ብወለውለው ያበራል። «አሮጌ ነው፣ ቀይርልኝ» ያለኝ ሰው የለም። ታጥቧል፣ ወድቋል፣ ባጃጅ ረግጦታል፣ አሁንም አንድ ብር ነው።

አሜሪካኖቹ የ1 ዶላር ወረቀታቸው በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዓመት ገደማ እንደሚቆይ ይናገራሉ፤ ሳንቲም ግን 30 ዓመት ይሠራል ነው የሚባለው። የእኛ ገበያ፣ የእኛ መቀነት፣ የእኛ ቤንዚን የነካ የባጃጅ ሹፌር እጅ ወረቀትን ለስድስት ዓመት የሚያኖር አይመስለኝም። ስለዚህ አንድ ሳንቲም የሚሠራውን ሥራ ለመሥራት ስንት ወረቀት በላይ በላይ እንደሚታተም ጸሐፊው ቁጭ ብለው ያስሉት።

ሌሎች አገሮች ይህን ካሰሉት ቆይተዋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1983 ባለ 1 ፓውንድ ሳንቲም አወጣች፤ ወረቀቱን በ1988 ከገበያ ሰበሰበች። ካናዳ በ1987 ባለ 1 ዶላር ሳንቲም አውጥታ በ1989 ወረቀቱን ማውጣት አቆመች። አሜሪካ ግን በ1979ም፣ በ2000ም የዶላር ሳንቲም አውጥታ አልተሳካላትም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ወረቀቱን አልሰበሰበችም። ሁለቱ ጎን ለጎን ካሉ ሰው የለመደውን ይይዛል። ይሄ የሳንቲም ጥፋት ነው ብሎ መከራከር ግን ያስቸግራል።

ሐሰተኛ ገንዘብን ነገር ደግሞ ጸሐፊው ጨርሶ አላነሱትም። ባለ 200 ሲሰጠኝ ወደ ብርሃን ዘርግቼ ነው የማየው፤ ደንበኛው ቅር ይለዋል፣ እኔም አፍራለሁ፣ ቢሆንም አያለሁ። የ1 ብር ሳንቲም ወደ ብርሃን ዘርግቼ አላውቅም።

«ያረጀ ነገር ነው፣ የሠለጠነ ገንዘብ ወረቀት ነው»

ይቺ ነጥብ ናት ያናደደችኝ። ያውም «ግንብ ሠርተው የኖሩት የጎንደር ነገሥታት እንኳ ሳንቲም ሲያሽከረክሩ ነው የቀሩት» የምትል ፌዝ ገብታባታለች።

አልነበራቸውም እኮ! አክሱም ከ3ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም አሳትማለች። የጎንደር ነገሥታት ግን በስማቸው የታተመ ገንዘብ አልነበራቸውም። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ከተማዋን ሲቆረቁሩም፣ ከዚያም በኋላ ገበያው የሚዞረው በወቄት በሚመዘን ወርቅና በአሞሌ ጨው ነበር። ድሮ በባለ 50 ብር ኖት ጀርባ የፋሲል ግንብ ታትሞ እናየው ነበር፤ ግንቡ ሲሠራ ግን ወረቀትም ሳንቲምም አልነበረም።

አሞሌ ከአፋር ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚመጣ የጨው ጡብ ነው። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ዝናብ ሲነካው ይሟሟል። ደግሞ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ ዘርዝረህ ልትጠቀምበት አትችልም። በላዩ ጠገራ ብር መጣ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ ሁልጊዜ 1780 የሚል፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን። ሰው አገላብጦ ዘውዷ ላይ ያለውን ዕንቁ፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ እያየ፣ ነጠብጣቡን እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው፤ ካለቀ ወይም ከፈዘዘ አይቀበልም። አንጥረኞች እያቀለጡ መስቀልና ድሪ ሠሩበት። ጥሩ ገንዘብ ነበር፤ ችግሩ ዝርዝር አልነበረውም። ለአንድ ጠገራ የሚበቃ ዕቃ የማይገዛ ሰው በጨው መገበያየት ነበረበት።

ይሄንን ነው ምኒልክ ሊያስተካክሉ የሞከሩት። 1887 ዓ.ም. የሚል በፓሪስ የተመታ ብር አወጡ፣ ከነግማሹ፣ ከነሩቡ፣ ከነስምንተኛው፣ ከነግርሹ። ትልቁን ብር ሰው እንቢ አለ፣ ጠገራዬን አለ። ይሁንና ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ለደሃው የሚበቃ ትንሽ ገንዘብ ይኑር። የእኛ የገንዘብ ታሪክ ከጨው ጀምሮ የዝርዝር እጦት ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወረቀቱስ እንዴት ገባ? የአቢሲኒያ ባንክ በ1907 ዓ.ም. አካባቢ የባንክ ኖት ቢያወጣም ከከተማ ውጭ ማን ሊነካው! ጣልያን ሲገባ ሊሬውን በግድ ሊያለማምድ ሞከረ፤ ሕዝቡ እንቢ ስላለው ራሱ ጣልያንም ሮም ላይ ባሳተመው ማሪያ ቴሬዛ መገበያየት ግድ ሆነበት። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ወረቀቱን ሰው እንዲያምነው የተደረገው ምን ነበር መሰላችሁ? ባለ 50 ሳንቲሙ ከእውነተኛ ብር ማዕድን ተሠርቶ አብሮ ወጣ። ወረቀቱን ይዘህ ብሩን ማግኘት ትችላለህ ነው ነገሩ። ወረቀቱ ታምኖ የገባው ሳንቲሙ አብሮት ስለነበር ነው። «የሠለጠነ ገንዘብ» ያሉት ይሄ ነው እንግዲህ።

አንዲት ነገር ጣል ላድርግ፣ ለጨዋታ ያህል። የዚያን ጊዜ 25 ሳንቲም መዳብ ሆና ክብ ነበረች። ብልጦች በብር ቀለም እየነከሩ ሽልንግ ናት ብለው መስጠት ጀመሩ። መንግሥት ምን አደረገ? የስሙኒዋን ጠርዝ ዙሪያውን አበባ አስመስሎ ቆረጠው። ዓይነ ስውር እንኳ በጣቱ ዳሶ እንዲለያት ሆነች። ዛሬም የማያይ ደንበኛ አለኝ፤ ሳንቲሙን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ «ይቺ ሽልንግ ናት፣ አንድ ብር ነው ያልከኝ» ይለኛል። ወረቀት ላይ ግን የግድ እኔን ማመን አለበት።

«ሰው ቤቱ ወስዶ ይጥለዋል»

ጸሐፊው እሳቸው ጋ ብርጭቆ ውስጥ የተከመረ ሳንቲም ስላለ የሁሉም ቤት እንዲያ መስሏቸዋል። ደመወዝተኛ ቤት እንዲያ ሊሆን ይችላል። ጎንደር ግን አርባ አራት ታቦት ያለበት አገር ነው፤ ሳንቲም የት እንደሚሄድና ከየት እንደሚመለስ እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ ከሁሉም በላይ በዓመት በዓሎቹ ዋዜማ፣ እናቶች ይመጡና «እስቲ የሃያ ብር ሳንቲም» ይላሉ። ደጀ ሰላም ላይ ለተደረደሩት የእኔ ቢጤዎች ለእያንዳንዳቸው ሊያዳርሱ ነው። በወረቀት ቢሆን ለአራት ሰው ሰጥተው ነው የሚያልቅባቸው። በሳንቲም ለሃያ ይደርሳል። ከዚያ ምሽት ላይ ሳንቲሙ ይመለሳል። እኔ ጋ የሚመጡ አንዲት እማሆይ አሉ። በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ያመጡና ባንኮኒው ላይ ይፈቱታል፤ «ልጄ፣ እስቲ ቁጠርልኝ» ይላሉ። አሥር አሥሩን አቆማለሁ፤ ሽልንጎቹን ለብቻ። እሳቸው ዓይናቸው ደክሟል፤ እኔ ያቆምኩትን አንድ በአንድ በጣታቸው ጫፍ ነክተው ቁመቱ እኩል መሆኑን ያረጋግጣሉ። አንዱ ያጠረ ከመሰላቸው «እቺ ጎደለች» ይሉኛል፤ ሁለት ሽልንግ ተቀላቅሎ ይሆናል፣ እቆጥረዋለሁ፣ ልክ ናቸው። ወረቀት ሰጥቻቸው ይሄዳሉ፤ እኔም ለነገ ዝርዝር አገኘሁ። ባንክ ሄጄ ሳንቲም ስጡኝ ብል «የለም» ነው መልሱ፤ አንድ ቅርንጫፍ ደግሞ የተከማቸብኝን ሳንቲም ይዤ ላስገባ ስል «ማን ይቆጥረዋል?» ብሎ መልሶኛል። እማሆይ ባይኖሩ ሱቄ በመልስ እጦት ነበር የሚቸገረው።

አንዳንድ ቦታ ይሄው ነገር ንግድ ሆኗል፤ መቶ ብር ወረቀት ሰጥተህ ዘጠና ምናምን ብር ሳንቲም ትወስዳለህ። ይሄን ጸሐፊው ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን? ማንም የማይፈልገው ዕቃ በትርፍ አይሸጥም። ሳንቲም በትርፍ እየተሸጠ ነው።

ተደብቆ የሚቀር የለም አልልም። አለ። እሱን የሚያወጣው ባንኮች በደስታ ሲቀበሉት ነው። በየቅርንጫፉ አንድ የሳንቲም መቁጠሪያ ማሽን ቢኖርና ለነጋዴው ዝርዝሩ መልሶ ቢሰጠው፣ ከየብርጭቆው ውስጥ ተግተልትሎ ይወጣ ነበር።

«ለቀረው ስልክ አለ»

ስልክ ጥሩ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ለእኔም ብዙ ነገር ቀሎልኛል፤ ጅምላ ሻጩን በስልክ ነው የምከፍለው፤ ድሮ በከረጢት ብር ይዤ ስሄድ የነበረው ፍርሃት ቀርቷል። ወጣቶቹም በስልክ ይከፍሉኛል።

ነገር ግን ስልክ የማንን ቦታ ነው የወሰደው? የባለ 200ንና የባለ 100ን። ሰው ሦስት ሺህ ብር በስልክ ይልካል፤ ሎሚ በስልክ አይገዛም። ትልልቁ ክፍያ ወደ ስልክ በሄደ ቁጥር በእጅ የሚቀረው ትንሽ ትንሹ ነው፤ ለትንሽ ትንሹ ደግሞ የሚመቸው ሳንቲም ነው። ጸሐፊው ስልክን ለወረቀት ደጋፊ አድርገው ነው ያቀረቡት። እንደ እኔ እንደ እኔ ስልክ የሚገፋው ወረቀትን ነው።

ሌላው፣ ስልክ ሁልጊዜ የለም። እኛ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት እንዴት እንደኖርን እናውቃለን። በ*127# ያለ ዳታም ይሠራል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ኔትወርክ ሲኖር። መብራት ሄዶ የሁለታችንም ባትሪ ሲያልቅስ? ደግሞ መልእክቱ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ! ለአንድ ክብሪት ብሎ ሰውዬው በር ላይ ቆሞ፣ እኔ ስልኬን እያየሁ፣ እሱ «ተቆርጦብኛል እኮ» እያለ፣ ከኋላው ሦስት ሰው ተሰልፎ። አንዳንዱ ደግሞ የድሮ ክፍያ ምስል አሳይቶኝ ሊሄድ ይሞክራል። በዚህ መሃል እናቱ የላከችው የስድስት ዓመት ልጅ በጡጫው ጨብጦ የመጣውን ሳንቲም ባንኮኒው ላይ ይዘረግፍና «ጋሼ፣ ጨው» ይላል። ሰጥቼው ሄዷል፤ ሰውዬው ገና መልእክት እየጠበቀ ነው።

ለእኔ የሚመቸኝ ይሄ ነው፦ ባለ 5 እና ባለ 10 ብር ሳንቲም ይውጣ፣ ሲወጣም ወረቀቱ በጊዜ ገደብ ይሰብሰብ፣ እንደ አሜሪካው ሁለቱ ጎን ለጎን እየተጋፉ አይቅሩ። የሞቱት ሳንቲሞች ይሰብሰቡ፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ያሉትን እቀበላለሁ፣ ለእነሱ ማቅለጫውን ያሙቁት። ባለ 50፣ 100 እና 200 በወረቀት ይቀጥል፣ ማንም አልነካውም።

ቴሌብር ያለው በቴሌብር ይክፈለኝ፤ ቁጥሩ ሱቁ በር ላይ ተለጥፏል። ባለ 200 ይዞ ክብሪት ሊገዛ የሚመጣ ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ባይመጣ ደስ ይለኛል።